ፍሬን ይወዳል የተባለው እግር

ብርቅዬ ቁጣ የማታውቅ ሴት አልነበረችም፤ ነገር ግን ቁጣዋን እንደ ክት ልብስ ለይታ የምታስቀምጥ፣ ቀኑ ሲደርስ ብቻ የምታወጣው ሴት ነበረች። በዚያ የሰኔ ቅዳሜ ግን ሳትመርጥና ሳትዘጋጅ ለበሰችው።

ከምትኖርበት ከስካርቦሮ ልጇ ወደምትኖርበት ወደ ክሬሰንት ታውን እየነዳች ነበር። ልጇ ኤልያና ከጎኗ ተቀምጣለች፤ ገና አምስት ወር የሆናት የልጅ ልጇ ጸዮን ከኋላ በሕፃን ወንበሯ ላይ ታስራ ተኝታለች። ቁልቁለቱን ሲወርዱ መብራቱ ቀላ። ብርቅዬ ጠንቃቃ ሰው እንደሚይዘው፣ ከሩቁና በእርጋታ ፍሬን ያዘች። ወዲያው መሪው በእጇ ውስጥ ወባ እንደያዘው ሰው ተንዘፈዘፈ፤ የፍሬኑ መርገጫ ከታች ወደ ላይ እግሯን ይደበድባት ጀመር፤ የመኪናው በሮች ሁሉ ተንጫጩ። መኪናው መስመሩን ሳያልፍ ቆመ። ሕፃኗ ግን ደንግጣ ነቃች፤ ጮኸችም።

«ማሚ! ኋት ዋዝ ዛት?» አለች ኤልያና ወደ ኋላ እየተጠማዘዘች።

«ሮተሩ ነው።»

«አጌን? ኢሳያስ በየካቲት ቀየርኩት አላለም እንዴ?»

«ቀይሮታል።»

«ሶ መኪናው አይደለማ። አንቺ ነሽ፣ ማሚ። ኢሳያስም ይላል፣ ጋሼ ባልቻም ይላል። ኤቭሪባዲ ይላል። ፍሬን ላይ ትቆሚያለሽ።»

ብርቅዬ መንዳቷን ቀጠለች። ክሬሰንት ታውን ደርሰው ከረጃጅሞቹ ሕንፃዎች በአንዱ ሥር ባቆመች ጊዜ፣ ልጇ ሕፃኗን ታቅፋ ከመኪናው ወረደችና ዓይኗን ወደ አስፋልቱ ጥላ ተናገረች።

«ከገና በኋላ ሥራ ስመለስ ጸዮንን አንቺ ትወስጃታለሽ ያልነው... አይ ካንት፣ ማሚ። ቤቴ መጥተሽ ጠብቂያት፤ በመኪናሽ ግን አትወስጃትም።»

ቤቷ መጥታ ልትጠብቃት እንደማትችል ኤልያናም ብርቅዬም ያውቃሉ። ብርቅዬ በስካርቦሮ ከቤት ቤት እየዞረች አቅመ ደካማ አረጋውያንን የምታጥብ፣ የምታለብስና የምታጎርስ ሠራተኛ ነች። ለጸዮን ብላ የሥራ ሰዓቷን ሁሉ አገላብጣ፣ ሕፃኗን በጠዋት ከእናቷ ተቀብላ በሳምንት ሦስት ቀን ቤቷ ልታውላት፣ አመሻሹ ላይ ለእናቷ መልሳ ወደ ቀሩት አረጋውያን ልትሄድ ተስማምታ ነበር። ያ ሁሉ በመኪና ነው። ያለ መኪና ጸዮን ለእሷ በእሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የምትሳም የሰው ልጅ ትሆናለች።

ይህን ሊነፍጋት የመጣው ደግሞ ስካር አይደለም፤ እብደት አይደለም፤ የእግሯ ስም ነው።

ሮተር ማለት ከጎማው በስተጀርባ ተደብቆ ከጎማው ጋር አብሮ የሚሽከረከር የብረት ሰሃን ነው። ፍሬን ሲያዝ ሁለት የፍሬን ሸራዎች ከግራና ከቀኝ ጥርቅም አድርገው ያንቁታል፤ መኪናው የሚቆመው በዚያ ትንቅንቅ ነው። ሰሃኑ ልሙጥና ቀጥ ያለ እንደሆነ ተሳፋሪው መቆሙን እንኳ ሳያውቀው ይቆማል። የፀጉር ያህል ከተንጋደደ ግን አንድ ወገኑ እየተበላ ይሄድና ፍሬን በተያዘ ቁጥር መኪናውን ያርገፈግፈዋል። የብርቅዬ ሮተሮች ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲሁ ሲያደርጓት ኖረዋል። ኢሳያስ ይቀይራቸዋል፤ ጥቂት ወራት መኪናው እንደ ሐር ይሆናል፤ ከዚያ ያ መንቀጥቀጥ መጀመሪያ እንደ ሹክሹክታ፣ ኋላም እንደ ስድብ ሆኖ ይመለሳል።

ኢሳያስ የአገሯ ልጅ፣ የቤተ ክርስቲያኗም ሰው ነው፤ በስካርቦሮ ትንሽ ጋራዥ አለው። መኪናዋን ይዛለት በሄደች ቁጥር እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ ፈገግ እያለ አንድ ዓይነት ቃል ይነግራታል። «እትዬ ብርቅዬ፣ እግርዎ ፍሬን ይወዳል።» መጀመሪያ ላይ አብራው ሳቀች። በሁለተኛው አልሳቀችም። በሦስተኛው ቃሉ ከጋራዡ ቀድሟት ቤተ ክርስቲያን ደርሶ ጠበቃት።

ከዚያ ወዲህ የገዛ እግሯን እንደ ሌባ ትጠባበቀው ጀመር። ክረምት ከበጋ በምታደርገው ወፍራም ጫማ መንዳት ትታ ስስ ጫማ ገዛች። ከፊቷ ካለው መኪና እጅግ ርቃ ስለምትነዳ ከኋላ የሚመጣው ሁሉ ጥሩንባውን ይነፋባታል፤ አልፏት ሲሄድም በመስኮት ይሳደባል። መብራት የሌለበትን የውስጥ ለውስጥ መንገድ መርጣ ስትዞር ለአረጋውያኑ ትዘገያለች። ባሏ ወልደገብርኤል ካረፈ በኋላ፣ በአርባ ሁለት ዓመቷ፣ በጥር ብርድ አውቶቡስ ስትጠብቅ ጣቶቿ ደንዝዘው ከቀሩ በኋላ፣ ማንም ሳያስገድዳት የተማረችው ነገር መንዳት ነበር። በሌላው ሁሉ ሰው አዟታል፤ ሱዳን ያሻገራት ደላላ አዟታል፤ እዚህም የሥራ አለቃ አዟታል። መሪ የያዘች ለት ግን ራሷን አዘዘች። አሁን ያም ተወስዶ እግሯን እያየች የምትነዳ ፈሪ ሆነች። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የእሷ ዝምታ ግን ከውስጥ በኩል ነቅዞ ነበር።

እዚህ ላይ የጎማ እሑድን ነገር መናገር ያስፈልጋል።

በቤተ ክርስቲያኑ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አንዴ የኅዳር ሚካኤል ሳይደርስ፣ አንዴም ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ፣ ከቅዳሴ መልስ ወንዶቹ እጀታቸውን ሰብስበው በመኪና ማቆሚያው ላይ ይሰለፋሉ። ባል የሞተባቸው፣ የተፋቱ፣ ብቻቸውን ልጅ የሚያሳድጉ ሴቶች መኪናቸውን እየነዱ ይመጣሉ፤ ወንዶቹም የበጋውን ጎማ አውልቀው የበረዶውን፣ የበረዶውንም አውልቀው የበጋውን ይገጥሙላቸዋል። ሰንበት ነው ብሎ ያጉረመረመ ቢኖርም ቄሱ፣ በሰንበት በጎ ማድረግ ተፈቅዷል ብለው ባርከውታል። ሥራውን የመሠረቱትም የሚመሩትም አቶ ባልቻ ናቸው፤ ሰባውን የተሻገሩ፣ በወጣትነታቸው በአሰብ መንገድ የነዳጅ ቦቴ የነዱ፣ ሰው ሁሉ ጋሼ ባልቻ የሚላቸው ሽማግሌ። ሌሎቹ ያወልቃሉ፤ ይገጥማሉ። የመጨረሻውን ማጥበቅ ግን ጋሼ ባልቻ ለማንም አይሰጡም። በጎማ መፍቻው ጫፍ ላይ ክንድ ከስንዝር የሚሆን የውሃ ቧንቧ ሰክተው፣ በቧንቧው ላይ በአንድ እግራቸው ወጥተው ይጫኑታል። ብረቱ ሲጮህ «እሰይ!» ይላሉ። «የእኔ እጅ የነካው ጎማ አይፈታም!» ሴቶቹ ይመርቋቸዋል፤ እሳቸውም አሜን ይላሉ።

ብርቅዬም ትመርቃቸው ነበር።

ነሐሴ ገባ፤ ፍልሰታ ተጾመ። ከቅዳሴ በኋላ ለምእመናን የሚቀርበውን የጾም ምሳ በምድር ቤቱ ወጥ ቤት የሚያዘጋጁት ሴቶች ናቸው፤ ብርቅዬም በተራዋ ድንች እየላጠች ነበር። ጓደኛዋ ጸሐይወርቅ ፊቷን ላብ አጥምቆት ዘግይታ ገባች።

«ምን ሆነሽ ነው ጸሐይዬ፣ ስትሮጪ መጣሽ እንዴ?»

«በአውቶቡስ ነው የመጣሁት።»

«መኪናሽስ?»

«ተይኝ እስቲ፣ እቴ።» ጸሐይወርቅ ሽርጧን አስራ ቢላዋ አነሣች።

«ተጋጨ?»

«አልተጋጨም። እኔው ነኝ ያበላሸሁት።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ፍሬን ላይ እቆማለሁ አሉኝ። ሮተሩ ሁለተኛ ጊዜው ነው። ልጆቼ እንዳይሰሙ ብዬ ቆሟል ብቻ ነው ያልኳቸው።»

የብርቅዬ ቢላዋ ድንቹ ላይ ቀጥ አለ።

«ማን ነው ያለሽ?»

«ኢሳያስ ነዋ። "እትዬ፣ እግርዎ..."»

«"...ፍሬን ይወዳል።"»

ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። ከዕቃ ማጠቢያው በኩል ሩቲ፣ ብቻዋን ሁለት ልጅ የምታሳድገው ወጣት፣ እጇን ሳታደርቅ ዞረች።

«ዌይት፣ ዌይት። መሪው ሼክ ያደርጋል? ፍሬን ሲይዙ?»

«ያደርጋል» አለች ጸሐይወርቅ።

«የእኔም ያደርጋል! እኔ እኮ ዩቱብ ላይ ፍሬን አያያዝ ስማር ነው የከረምኩት!»

ብርቅዬ ሽርጧን እንደታጠቀች ወደ አዳራሹ ወጣች። ከአንዷ ወደ አንዷ እየሄደች ጆሮ ለጆሮ ጠየቀች። ያፈረችም፣ የሳቀችም፣ «ማን ነገረሽ?» ብላ የተቆጣችም ነበረች፤ ነገሩ ግን አንድ ሆነ። የሚንቀጠቀጡት ሁሉ በጎማ እሑድ የሚሰለፉት ናቸው። ጎማቸውን ጋራዥ ወስደው የሚያስቀይሩት አንዳቸውም ስለ መንቀጥቀጥ አያውቁም። ብርቅዬም መለስ ብላ አሰበች፤ የእሷ መኪና ሁልጊዜ የሚጀምረው ወይ ገና አካባቢ ወይ ከፋሲካ በኋላ ሰንበት ብሎ ነው። ጎማው በተቀየረ በጥቂት ሳምንታት።

ወደ ወጥ ቤቱ ተመልሳ ጠረጴዛውን በመዳፏ መታች።

«የስንታችን እግር ነው እንግዲህ ባንድ ጊዜ ያበደው?»

ማንም አልሳቀም። እያንዳንዷ ነውሯን ደብቃ፣ የብቻዋ መስሏት ስትንቀጠቀጥ ከርማለች፤ ባል ያላት ሴት ብትሆን ባሏ ተከራክሮላት በነበር፤ እነሱ ግን ስጦታ ተቀባዮች ናቸው፤ ስጦታ ተቀባይ ደግሞ አይከራከርም።

በማግሥቱ ብርቅዬ ኢሳያስ ጋራዥ ገባች። ሰላምታ አልሰጠችም።

«ኢሳያስ፣ የጎማዬን ዳዶዎች ስትፈታ ምን ታያለህ?»

«ኧረ እትዬ ብርቅዬ፣ እንዴት አደሩ? ምን ተገኘ?»

«ምን ታያለህ አልኩህ።»

ኢሳያስ እጁን ይጠርግበት የነበረውን ጨርቅ አጣጠፈው፤ መልሶም ፈታው። «ትንሽ ይጠብቃሉ።»

«ትንሽ?»

«እሺ፤ በጣም። ባለፈው አንዱን ስፈታ መፍቻዬ ተሰብሯል።»

«ሲጠብቅ ምን ይሆናል?»

«ይሄ... ያው እዚህ አገር ለበረዶው መንገድ ላይ የሚበተን ጨው አለ፤ ከሮተሩ ሥር ዝገት ይይዛል። ዝገቱ ሳይጠረግ ጎማው ተገጥሞ፣ አንዱ ዳዶ ከሌላው አብልጦ ሲታሰር፣ ሮተሩ ትንሽ ተንጋዶ ይቀመጣል። ተንጋዶ ሲዞር ደግሞ...»

«አንድ ወገኑ ይበላል።»

«ይበላል።»

«ያኔ ይንቀጠቀጣል።»

«አዎ።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?»

ከጋራዡ ውጭ አውቶቡስ ቆሞ ሄደ። ኢሳያስ የሚናገረው መሬቱን እያየ ነበር። «እትዬ ብርቅዬ፣ ጋሼ ባልቻ ናቸው እኮ። ለእኔ ስፖንሰር ሆነው ፈርመው ያመጡኝ እሳቸው ናቸው። ቤታቸው ነው ያረፍኩት። ይሄን ጋራዥ ስከፍት ጸሎት ያስደረጉልኝ እሳቸው ናቸው። እንዴት ብዬ ነው "እጅዎ አጠፋ" የምላቸው?»

«ስለዚህ እግሬን አልክ።»

«እርስዎ ታጋሽ ነዎት፣ አይቀየሙኝም ብዬ...»

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይባላል። ብርቅዬ ዳውላ መሆኗን በዚያች ደቂቃ ዐወቀች። ደሟ ወደ ራስዋ ወጣ፤ ድምፅዋ ግን ወረደ፤ ኢሳያስን ያስፈራውም መውረዱ ነበር።

«ሦስት ዓመት ሙሉ እውነቱን በእጅህ ይዘህ፣ በዓይኔ እያየኸኝ ሳቅህብኝ። ልጄ ያንተን ቃል አምና የልጅ ልጄን ከለከለችኝ፤ ታውቃለህ? "ታጋሽ ነዎት" ትለኛለህ! ትዕግሥቴን ማን ሰጠህና ነው እንደ ጎማ የምትረግጠው?»

«ዛሬውኑ ልሥራልዎት። ምንም አልቀበልም።»

«አትነካውም! እንደተንቀጠቀጠ ይቆይ። አንተ የጎማ እሑድ ትመጣለህ፤ ለእኔ የነገርከኝን ለእሳቸው ትነግራለህ።»

«በሰው ፊት?»

«በሰው ፊት» አለችና ወጣች።

መጸው ረዘመባት። መኪናዋን ለሥራዋ ብቻ፣ በዝግታ፣ ጥርሷን ነክሳ ነዳችው። ኤልያና ስትደውል ስለ ሕፃኗ ትጠይቃለች እንጂ ስለ መኪናው አታነሣም። ልትነግራት ብትችል ትችል ነበር፤ ኩራቷ ግን ከለከላት። ንጹሕ ነኝ ብሎ መሟገት በራሱ የተከሳሽ ወግ መሰላት።

የጎማ እሑድ ሲደርስ ቀኑ ቀዝቃዛና ፀሐያማ ነበር። ኤልያናም ጸዮንን ልታስቆርብ መጥታ ነበርና፣ ሕፃኗን በነጠላ ጠቅልላ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆማለች። መኪናዎቹ ተሰልፈዋል። ጋሼ ባልቻ ቧንቧቸውን እንደ ከዘራ ተመርኩዘው ትእዛዝ ይሰጣሉ። የብርቅዬን መኪና ሲያዩ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«መጣች! ገለል በሉ ጎበዝ፣ ያቺ እግሯ ፍሬን የሚወደው መጣች!»

ወንዶቹ ሳቁ። ብርቅዬ ሞተሩን ሳታጠፋ ወረደችና ቀጥ ብላ ወደ ሽማግሌው ሄደች።

«ጋሼ ባልቻ፣ ዛሬ ጎማዬ አይነካም።»

«ምነው ልጄ? ከበረዶው ጋር ታረቅሽ?»

«መጀመሪያ እርስዎ ይንዱልኝ። እስከዚያ መብራት ደርሰው ይመለሱ።»

«እኔ?»

«እርስዎ። የአሰብ መንገድ ሾፌር አይደሉም? የእርስዎ እግር መቼም ፍሬን አይወድም።»

ሳቁ ቀነሰ። ሽማግሌው ዙሪያቸውን አዩ፤ ሰው ሁሉ ያያቸዋል። ቧንቧውን ለአንዱ አቀብለው መሪው ላይ ተቀመጡ። ብርቅዬ ከጎናቸው ገባች።

መብራቱ ሲቀላ ጋሼ ባልቻ በቦቴ ነጂ ልማድ፣ ከሩቁ፣ ለስለስ አድርገው ረገጡ። መሪው በእጃቸው ውስጥ ተንዘፈዘፈ። መነፅራቸው አፍንጫቸው ላይ ወረደ። ወደ ላይ መለሱት። አረንጓዴ ሲሆን አዙረው ሲመለሱ፣ ባዶው መንገድ ላይ ደግመው ያዙ፤ አሁንም ይበልጥ አለስልሰው። ተንዘፈዘፈ። ሦስተኛ ሞከሩ።

«ይሄን ነው ስትነጂ የኖርሽው?» አሉ በመጨረሻ።

«እየነዳሁ፤ እየተሰደብኩም።»

ወደ ሰልፉ ተመልሰው ሲወርዱ ጋሼ ባልቻ ፊታቸው ተለውጧል። «ሮተር ነው» አሉ ለተሰበሰበው። «ኢሳያስ አልቀየረልሽም እንዴ?»

«ቀይሮልኛል፤ ደጋግሞ። እርስዎ እስኪነኩት ድረስ ደኅና ነው።»

አንዱ ከኋላ፣ «ኧረ ብርቅዬ! ለሽማግሌ እንዲህ ይባላል?» አለ።

«ለሴትስ "እግሯ ፍሬን ይወዳል" ይባላል?» ዞራ አየችው። «ሦስት ዓመት ስትስቅ ነበር፤ ዛሬ ገና ነው ነውር ያወቅኸው?»

«የእኔም መኪና ይንቀጠቀጣል» አለች ጸሐይወርቅ ከሰልፉ መሐል። ፊቷ እንደ በርበሬ ቀልቷል፤ ግን አለች።

«የእኔም» አለች ሩቲ። ከወዲያም ከወዲህም ሌሎች ድምፆች ተከተሉ።

ብርቅዬ በዓይኗ ኢሳያስን ፈለገችው፤ ከአንድ ቫን ጀርባ ቆሞ ነበር። «ና» አለችው። መጣ። አንገቱን ደፍቶ፣ እጁን እያሻሸ ጀመረ።

«ያው... ነገሩ ብዙ ምክንያት አለው። መንገዱም አለ። ጨውም አለ። አነዳድም የራሱ...»

«ኢሳያስ!»

ስሙን ብቻ ነበር የጠራችው፤ ነገር ግን በር ላይ ቆማ የነበረችው ኤልያና እንኳ እንደ ልጅነቷ ደነገጠች። ኢሳያስ ቀና አለ።

«ጋሼ፣ ዳዶው ከልኩ በላይ ይጠብቃል። በጣም። ሮተሩን የሚያጣምመው እሱ ነው። ለዚህ ተብሎ የተሠራ መፍቻ አለ፤ ልኩ ሲደርስ ቀጭ ይላል፤ ከዚያ በላይ አይኬድም።»

ጋሼ ባልቻ እንደተመታ ሰው ቆሙ። ከዚያ ጮኹ። «እኔ ጎማ ወልቆ ሰው ሲሞት በዓይኔ አይቻለሁ! ከፊቴ ከሚሄደው መኪና ላይ ወልቆ፣ ዳር የቆመች ሴት ከነሸክሟ ሲጥላት አይቻለሁ! የልጆች እናቶች ናችሁ ብዬ ነው የማጠብቀው! በጉልበቴ! በዚህ ዕድሜዬ!»

«አውቃለሁ» አለች ብርቅዬ፤ እሷም አልቀነሰችም። «ስለዚህ ስመርቅዎት ኖርኩ። በክፋት ነው አላልኩም። ነገር ግን መኪናዬ በተንቀጠቀጠ ቁጥር የእኔን እግር ከሚሰድቡ፣ አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን እንኳ የእጅዎን ሥራ ቢመረምሩ ምን ነበረበት?»

ሽማግሌው ቀስ ብለው ወደ ኢሳያስ ዞሩ።

«ታውቅ ነበር?»

«...አዎ፣ ጋሼ።»

«እነዚህ ሴቶች ሲሰደቡ፣ እኔም እየሳቅሁ ስሰድብ፣ እያወቅህ ዝም አልክ?»

«እርስዎን ማዋረድ ፈርቼ...»

«እና አሁን አከበርከኝ?» ቧንቧውን ከያዘው ሰው እጅ ነጥቀው አስፋልቱ ላይ ወረወሩት፤ እየጮኸ እየተንከባለለ ሄደ። «ፈርሜ ያመጣሁህ እንድታፍረኝ ነው እንጂ እንድትዋሽልኝ ነው?» ከዚያ ደግሞ ቁጣቸው ሌላ መውጫ ፈለገና ወደ ብርቅዬ ተመለሱ። «አንቺስ? ቤቴ መጥተሽ አትነግሪኝም? ይህን ሁሉ በሰው ፊት ማድረግ ነበረብሽ?»

«የተሰደብኩት በሰው ፊት ነው፣ ጋሼ።»

«እውነት ነው» አሉ ጋሼ ባልቻ። ከዚያ በላይ አልጨመሩም። ይቅርታ የሚለው ቃል ከእሳቸው አፍ እንዲወጣ የጠበቀ ካለ አላገኘውም፤ ነገር ግን በዚያ ቀን አንድም ዳዶ አላጠበቁም። ኢሳያስ ያንን ቀጭ የሚል መፍቻ ከጋራዡ አምጥቶ እሱ ሲያስር፣ እሳቸው በሽቦ ብሩሽ የእያንዳንዱን መኪና ዝገት፣ ተንበርክከው፣ ለማንም ሳይናገሩ ሲፍቁ ዋሉ።

ኤልያና ሕፃኗን ታቅፋ ወደ እናቷ መጣች። «ማሚ... አይ ዲድንት ኖው። ሶሪ።»

«አላወቅሽም። ጠየቅሽኝ?»

«...ኖ።»

«የሰው ቃል ይዘሽ ፈረድሽብኝ። ሌላው ቢያደርገው አልደነቅም። አንቺን ግን በዚያ ብርድ በአውቶቡስ እያመላለስኩ አይደለም ያሳደግኩሽ?» ኤልያና ምን ማለቷ እንደሆነ ያወቀች አትመስልም፤ ብርቅዬም ልታስረዳት አልፈለገችም። «አሁን አትለምኚኝ። መኪናው በልኩ ሲሠራ እኔ እደውልልሻለሁ።»

ኤልያና እናቷ እስክትደውል ጠበቀች። ሳምንታት ጠበቀች። ብርቅዬ ሮተሮቹ ተቀይረው፣ የበረዶ ጎማዋ በልኩ ታስሮ፣ በረዶ በወረደባቸው መንገዶች ሁሉ ነድታ፣ ቁልቁለቱንም ደጋግማ ወርዳ፣ እግሯን ማየት ራሷ እስክትረሳ ድረስ አልደወለችም። መኪናው ለሕፃን ይሆናል አይሆንም የምትለው እሷ እንደሆነች ሁለቱም እንዲያውቁት ፈለገች።

ገና አልፎ የሥራው ቀን ደረሰ። ጠዋት በክሬሰንት ታውን ሕንፃ ሥር ኤልያና ጸዮንን በወንበሯ አሰረቻት፤ ጡጦዋን፣ መቀየሪያ ልብሷን አስቀመጠች። ከዚያ በሩን ዘጋችና የፊተኛውን ከፍታ ገባች፤ ቀበቶዋንም ሳበች።

«የት ልትሄጂ ነው?» አለች ብርቅዬ።

«ጀስት... እስከ መጀመሪያው መብራት። ከዚያ እወርዳለሁ።»

«ሥራ የሚያደርስሽ የሰብዌይ ባቡር እዚህ እግርሽ ሥር አይደለም እንዴ?»

«ማሚ፣ አንዴ ብቻ። ጀስት ቱ ሲ።»

ብርቅዬ ሞተሩን አጠፋችው። እጆቿን ከመሪው ላይ አንሥታ ጭኗ ላይ አደረገች።

«ኤልያና፣ ውረጂ።»

«ማሚ...»

«ልጅሽን ከሰጠሽኝ ስጪኝ፤ ካልሰጠሽኝ ይዘሻት ግቢ። በፈተና የሚሰጥ ልጅ አልቀበልም።»

ኤልያና እናቷን አየች፤ ወደ ኋላ ዞራ ሕፃኗን አየች። ቀበቶዋን ፈታች። ወርዳም ከእግረኛው መንገድ ላይ፣ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ መኪናው እስኪታጠፍ ድረስ ቆመች።

የመጀመሪያው መብራት ሩቅ አልነበረም። ቀላ፤ ብርቅዬ ያዘች፤ መኪናው ቆመ። መሪው በእጇ ውስጥ ምንም አላለም። ደስታ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው ብላ ስትጠብቅ፣ የመጣው ቁጣ ሆነ፤ ይህን ለማግኘት ያን ሁሉ ማድረግ ነበረባት እንዴ የሚል ቁጣ። በመስታወቱ ጸዮንን አየቻት፤ ሕፃኗም ዓይኗን አፍጥጣ አየቻት።

«ስሚ አንቺ» አለቻት ብርቅዬ በአማርኛ፣ ጮክ ብላ፣ አንዲት ቃል እንዳያመልጣት። «ማንም መጥቶ እግርሽ እንዲህ ነው ቢልሽ፣ መጀመሪያ አንተ እጅህን አሳየኝ በዪው። ሰምተሻል? እናትሽን እኔ ይህን ስላላስተማርኳት ነው። ያ ኢሳያስ የሚባለው ደግሞ...»

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፤ ከኋላ ጥሩንባ ተነፋ። ብርቅዬ ስለ ኢሳያስ ገና መጀመሯ ነበር።